በአንዱ ቋንቋ የለመድኩት በሌላው ይጥለኛል፤ አጭር ምክር ያላችሁ ወዲህ በሉ

ዘላን ኮደር፦

ሰላም ቤተሰብ። የኔ ሥራ አንድ ቋንቋ ላይ ረግተህ የምትሠራው ዓይነት አይደለም። ጠዋት ፓይተን፣ ከሰዓት ጃቫስክሪፕት፣ መሃል ላይ ማንም ሊነካው የማይፈልግ አሮጌ የጃቫ ሲስተም፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ዳታቤዝ አለ። ሲንታክሱ ብዙም አያስቸግረኝም፤ ቅንፍ ብረሳ ኤዲተሩ ራሱ ይጮኻል። የሚያቃጥለኝ ምንም ኤረር ሳይሰጥ የተሳሳተ መልስ የሚያመጣው ነው።

ለምሳሌ ጃቫስክሪፕት ላይ [10, 9, 1, 100] የሚል አሬይ (የቁጥር ዝርዝር) ሶርት አድርግልኝ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድርልኝ ስለው [1, 10, 100, 9] አድርጎ አመጣልኝ። ኤረር የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ፣ ዝም! ፓይተን ላይ እኮ ይሄ ነገር በሰላም ነው የሚሠራው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ከቋንቋ ቋንቋ ስንዘል የሚጠልፉን እንዲህ ዓይነት ነገሮች ሌላ ምን ምን አሉ? "ንጹህ ኮድ ጻፍ፣ ኮሜንት አብዛ" የሚለውን ተዉልኝ፣ ጠግቤዋለሁ። ዛሬ ሰምቼ ዛሬ የምጠቀምበት አጭር ነገር ስጡኝ። ቋንቋው የፈለገው ይሁን።

ቅንፍ ዘጊ፦

ሶርቱ በራሱ ሕግ ልክ ነው። ጃቫስክሪፕት ምንም ካልነገርከው ሁሉንም ወደ ስትሪንግ (ጽሑፍ) ቀይሮ ነው የሚያወዳድረው። በጽሑፍ ዓይን "100" ከ"9" በፊት ይመጣል፣ 1 ከ9 ስለሚቀድም። መፍትሔው ማወዳደሪያ ፈንክሽን መስጠት ነው፤ ሁለት ቁጥር ተቀብሎ ከመጀመሪያው ላይ ሁለተኛውን ቀንሶ የሚመልስ። በቃ ይሄው ነው።

እግረ መንገዴን፣ እዚያው ሶርት ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ፓይተን ውስጥ የሊስቱ ሶርት ሊስቱን እዚያው ይቀይረውና የሚመልስልህ "ነን" የሚባለው ባዶ ዋጋ ነው። ስለዚህ ውጤቱን በዚያው ቫርያብል ከተቀበልከው ዳታህን ውሃ በላው። አዲስ ሊስት ከፈለግክ ሶርትድ የሚለውን ተጠቀም። ጃቫስክሪፕት ደግሞ የባሰ ተንኮለኛ ነው፦ ዋናውን አሬይ ይቀይረዋል፣ መልሶ ደግሞ እሱኑ ይሰጥሃል፣ አንተ አዲስ የተሰጠህ ይመስልሃል። ከ2023 ስታንዳርድ ጀምሮ ዋናውን የማይነካ ቱሶርትድ የሚባል ገብቷል፤ ብሮውዘርህ ካወቀው እሱን ያዝ።

ለኔ ግን ከሁሉም የሚከፋው ማካፈል ነው። ማንም አይጠረጥረውማ። 7 / 2 በፓይተን 3 እና በጃቫስክሪፕት 3.5 ነው። በሲ፣ በጃቫና "ጎ" በሚባለው ቋንቋ ሁለቱም ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ከሆኑ 3 ነው። አሮጌው ፓይተን 2ም 3 ነበር የሚለው፤ ስለዚህ ከድሮ ኮድ ስትገለብጥ ዓይንህን ክፈት። "እሺ፣ ፓይተን ላይ ሙሉ ቁጥር የሚሰጠውን // እጠቀማለሁ" ብትል ደግሞ ኔጌቲቭ ቁጥር ይጠብቅሃል፦ -7 // 2 ፓይተን ላይ -4 ነው፣ ጃቫ ላይ -7 / 2 ግን -3 ነው። አንዱ ወደ ታች ያወርዳል፣ ሌላው ወደ ዜሮ ይቆርጣል።

ከማካፈል የሚተርፈውም እንደዚያው ነው። -7 % 3 በፓይተን 2፣ በሲ፣ በጃቫ፣ በጎና በጃቫስክሪፕት -1። የት ይነክሳል? ዙሪያውን የሚሽከረከር ነገር ስትሠራ። የምስል ማሳያ ላይ "ወደ ኋላ" የሚለው በተን ከመጀመሪያው ምስል ወደ መጨረሻው መዝለል አለበት እንበል። ፓይተን ላይ ኢንዴክሱ (የምስሉ ተራ ቁጥር) ላይ አንድ ቀንሰህ % ብትለው ይሠራል። ያንኑ ጃቫስክሪፕት ላይ ብትጽፈው ኢንዴክሱ -1 ይሆንና አንዲፋይንድ (እዚያ ምንም የለም ማለት) ታገኛለህ። መድኃኒቱ ከ% በፊት ጠቅላላውን ብዛት መደመር ነው፤ ሁሉም ቋንቋ ላይ ይሠራል።

ዘላን ኮደር፦

ተባረክ ቅንፍ ዘጊ! ማለት የማካፈሉን እንኳ ሰምቼ አውቃለሁ፣ የ% ግን ጭራሽ አዲስ ነው የሆነብኝ። ስለዚህ የ3.5ቱ ወገን ፓይተንና ጃቫስክሪፕት ናቸው ማለት ነው? መጀመሪያ ላይ "ፓይተን 3 እና ጃቫስክሪፕት 3.5" ስትል ግራ ገብቶኝ ነበር።

ቅንፍ ዘጊ፦

አዎ፣ "ፓይተን 3" ያልኩት የቨርዥኑን ቁጥር ነው። ሁለቱም ላይ መልሱ 3.5 ነው።

ባለ ሴሚኮለን፦

ዘላን፣ ያ ማንም የማይነካው የጃቫ ሲስተምህ ውስጥ ግባና == የሚለውን ምልክት ሰርች አድርግልኝ። ስትሪንግ ወይም ሌላ ኦብጀክት መሃል ካገኘኸው እዚያ የተኛ ባግ ሊኖር ይችላል። ጃቫ ውስጥ == በኦብጀክቶች መሃል የሚጠይቀው "ሜሞሪ ላይ ያለው ያው አንዱ ነገር ነው ወይ" ብሎ ነው፣ ይዘቱን አያይም። ይዘት ለማወዳደር ኢኳልስ አለልህ።

ችግሩ አንዳንዴ መሥራቱ ነው። ኮዱ ውስጥ በቀጥታ የተጻፉ ሁለት ተመሳሳይ ስትሪንጎችን ጃቫ አንድ ቦታ ስለሚያስቀምጣቸው == "እውነት" ይላል። ያው ቃል ከዳታቤዝ ወይም ከተጠቃሚ ሲመጣ ግን "ሐሰት" ይሆናል። የኢንቲጀሩ ደግሞ ጉድ ነው። ተራውን ኢንት አይደለም የምልህ፣ ኦብጀክት የሆነውን ኢንቲጀር ነው፣ ሊስትና ማፕ ውስጥ የሚገባውን። ጃቫ ከ-128 እስከ 127 ያሉትን አስቀድሞ ሠርቶ ያስቀምጣቸዋል። ስለዚህ 127 == 127 እውነት፣ 128 == 128 ሐሰት! አስበው እንግዲህ፣ ቴስት ስትጽፍ የደንበኛ መለያ ቁጥር 1፣ 2፣ 3 እያልክ ነው የምትሞክረው። ሁሉም አረንጓዴ ይበራል። ከዚያ ፕሮዳክሽን ላይ ቁጥሩ 128 የሆነው ደንበኛ ይመጣና "አልተገኘም" ይባላል። ከሱ በፊት የነበሩት ሁሉ ሲሠራላቸው ነበር። ይሄን ባግ ሎግ አንብበህ አታገኘውም፣ ካላወቅከው በቀር።

ነል (ዋጋ የሌለው) ሊሆን የሚችል ነገር ካለ ኦብጀክትስ የሚባለው ክላስ ውስጥ ያለውን ኢኳልስ ጥራ፤ አንዱ ነል ቢሆንም አይፈነዳም።

ፓይተንም የራሱ አለው። "ኢዝ" የሚለውን ቃል አንዳንድ ሰው ለእንግሊዝኛ ስለሚቀርብ ብቻ ከ== ይልቅ ይጽፈዋል። እሱም እንደ ጃቫው == ማንነትን ነው የሚጠይቀው፣ እዚያም ከ-5 እስከ 256 ያሉት ቁጥሮች አስቀድመው የተሠሩ ስለሆኑ በትንንሽ ቁጥር ይሸውድሃል። "ኢዝ"ን ለነን ብቻ አስቀምጠው። ጃቫስክሪፕት ላይ ሁልጊዜ === ጻፍ፣ == ስትሪንግና ቁጥርን እያደባለቀ ያወዳድራል። ግን === ስለጻፍክ ብቻ አትዝናና፣ [1] === [1] ሐሰት ነው። ፓይተን ላይ [1] == [1] እውነት ነው።

ጀማሪዋ፦

እኔም ልጨምር፣ የባዶ ነገርን። ሊስት ባዶ መሆኑን ለማየት ፓይተን ላይ ሊስቱን ራሱን ኢፍ ውስጥ ማስገባት ይበቃል፣ ባዶ ከሆነ ሐሰት ነው። ጃቫስክሪፕት ላይ ባዶ አሬይ እውነት ነው! ስለዚህ ርዝመቱን ማየት የግድ ነው። "0" የሚለው ስትሪንግ ፒኤችፒ ላይ ሐሰት ነው፣ ጃቫስክሪፕት ላይ እውነት። ሩቢ ላይ ደግሞ ቁጥሩ 0 ራሱ እውነት ነው። ፎርም ላይ ሰው 0 ብሎ ሲሞላ "ይሄን ቦታ አልሞሉም" የሚል መልእክት የሚያወጣ ዌብሳይት አጋጥሟችሁ ከሆነ፣ ነገሩ ብዙ ጊዜ ይሄው ነው። "ባዶ ነው ወይ" እና "ዜሮ ነው ወይ" ለየብቻ ይጠየቁ።

ሌላ፣ ፓይተን ላይ ፈንክሽን ስትጽፉ የፓራሜትር ዲፎልት አድርጋችሁ ባዶ ሊስት [] አትስጡ። ሊስቱ የሚፈጠረው ፈንክሽኑ ሲጻፍ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በተጠራ ቁጥር አይታደስም። የመጀመሪያው ጥሪ የጨመረበትን ሁለተኛው ጥሪ ያገኘዋል። ዲፎልቱን ነን አድርጉና ውስጥ ላይ አዲስ ሊስት ፍጠሩ። ጃቫስክሪፕት ላይ በተጠራ ቁጥር አዲስ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ከዚያ ለመጣ ሰው ይሄ አይታየውም።

ሮልባክ፦

ሁላችሁም ኮድ ኮድ ትላላችሁ፣ ዳታቤዙን ማን ይጠብቅ?

አንደኛ ነገር፣ አፕዴት ወይም ዲሊት በእጅህ ልትጽፍ ስትል መጀመሪያ በዚያው ዌር (የትኞቹ እንደሚነኩ በሚለየው ቅድመ ሁኔታ) ሴሌክት አድርግና ስንት ሮው (የቴብል መስመር) እንደሚመጣ እይ። 3 ሮው ልትቀይር አስበህ 40 ሺህ ከመጣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ከዚያ ትራንዛክሽን ክፈት፣ አፕዴቱን አስኪደው፣ የተነካው ሮው ብዛት ከሴሌክቱ ጋር እኩል ከሆነ ኮሚት (አጽድቅ)፣ ካልሆነ ሮልባክ (ሽረህ መልስ)። ይሄ የሚወስድብህ ጊዜ ባክአፕ ፈልገህ ከመመለስ ጋር አይወዳደርም።

ግን ልብ በል፣ ትራንዛክሽን ከሁሉም አያድንም። ፖስትግሬስ ላይ ቴብል ድሮፕ ብታደርግና ሮልባክ ብትል ቴብሉ ይመለሳል። ማይኤስኪውኤል ላይ ግን ድሮፕና ኦልተር ሳይጠይቁህ ራሳቸው ኮሚት ያደርጋሉ፤ እነሱ ብቻ ሳይሆኑ ከነሱ በፊት እዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ የሠራኸውም አብሮ ይጸድቃል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ነል ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስለዋል። በኤስኪውኤል ነል እኩል ነው ነል ብለህ ብትጠይቅ መልሱ እውነትም ሐሰትም አይደለም፣ "አይታወቅም" ነው። ሁለት የታሸጉ ፖስታዎች ሰጥቼህ ውስጣቸው ያለው አንድ ነው ወይ ብልህ ምን ትለኛለህ? እንደዚያ ነው። ስለዚህ "ኢዝ ነል" ብለህ ጠይቅ። ይሄን ብዙ ሰው ያውቃል፣ "ኖት ኢን" ላይ ግን ይረሳዋል። "ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የሌሉትን አምጣልኝ" ስትልና ዝርዝሩ ውስጥ አንድ ነል ብቻ ካለ፣ የሚመጣልህ ባዶ ነው። ዜሮ ሮው። ኤረር የለም። በሱ ፈንታ "ኖት ኤግዚስትስ" ልመድ።

ካውንትም አንድ አይደለም። በኮከቡ (*) ስትቆጥር ሮው ሁሉ ይቆጠራል፣ በኮለም ስም ስትቆጥር ነል የሆኑት ይዘለላሉ። ኦራክል ላይ ጭራሽ ባዶ ስትሪንግ ራሱ እንደ ነል ነው የሚቆጠረው።

ከተጠቃሚ የመጣን ጽሑፍ በ+ እየለጠፍክ ኪውሪ መሥራትን በተመለከተ፣ እሱን እዚህ መድገም አያስፈልግም ብዬ አስባለሁ። ፓራሜትር ተጠቀም፣ አለቀ ደቀቀ።

ዘላን ኮደር፦

የ"ኖት ኢን"ን ነገር አሁን ሄጄ አያለሁ፣ አንድ ሪፖርት አለ ባዶ እየመጣ ያናደደኝ።

ሁለት ነገር ደግሞ ልጠይቅ። የገንዘብ ሂሳብ ላይ 0.1 + 0.2 ብዬ 0.30000000000000004 ይመጣብኛል፣ ራውንድ ሳደርግ ደግሞ ፓይተኑና ጃቫስክሪፕቱ የተለያየ ይሉኛል። ሌላው ቀን ነው። ቀን አንዳንዴ በአንድ ይጎድላል።

ባለ ሴሚኮለን፦

የ0.1ን ጥፋት ቋንቋዎቹ ላይ አትለጥፍ። ሁሉም የሚከተሉት በ1985 የወጣውን አይትሪፕልኢ 754 የሚባል ስታንዳርድ ነው። 0.1 በሁለት ቤት ቁጥር ሲጻፍ አያልቅም፣ አንድ ሦስተኛ በአስር ቤት እንደማያልቀው። ስለዚህ ይቆረጣል፣ ቁርጥራጩ ሲደመር ብቅ ይላል።

ለገንዘብ ፍሎት (ተራውን ባለ ነጥብ ቁጥር) አትጠቀም። ወይ ሁሉን በሳንቲም አድርገህ በኢንቲጀር ያዝ፣ ወይ ፓይተን ላይ ዴሲማል፣ ጃቫ ላይ ቢግዴሲማል ተጠቀም። አንድ ነገር ግን፦ ዴሲማሉን ስትፈጥር ከስትሪንግ ፍጠረው። 0.1ን በፍሎትነቱ ከሰጠኸው የሚይዝልህ 0.1000000000000000055 እያለ የሚቀጥለውን ነው። በሽታውን ይዘህ ሆስፒታል ገብተህ በሽታውን ይዘህ ወጣህ ማለት ነው።

ራውንዱ እውነትህን ነው። 2.5 ፓይተን ላይ ራውንድ ሲደረግ 2፣ ጃቫስክሪፕትና ጃቫ ላይ 3 ነው። ፓይተን እኩል መሃል ላይ ሲሆን ወደ ተጋማሹ ቁጥር ነው የሚሄደው፣ 1.5 እና 2.5 ሁለቱም 2 ይሆናሉ። -2.5 ደግሞ ጃቫስክሪፕት ላይ -2፣ ፒኤችፒ ላይ -3 ነው። ስለዚህ ሂሳቡ በሰርቨርም በብሮውዘርም ከሚሠራ አንድ ቦታ ይሠራ፣ ሌላው መልሱን ብቻ ያሳይ።

ትልልቅ ቁጥሮችም አሉ። ጃቫስክሪፕት ኢንቲጀርን በትክክል የሚይዘው እስከ 9007199254740991 ነው። ሰርቨሩ 9007199254740993 የሚል መለያ ቁጥር በጄሰን (ዳታ በጽሑፍ መላኪያ ፎርማት) ቢልክልህ ብሮውዘሩ 9007199254740992 ብሎ ያነበዋል። አንድ ቁጥር ብቻ ነው የተለወጠው፣ ግን የሌላ ሰው ሪከርድ ከፈትክ ማለት ነው። ረጅም መለያዎችን በስትሪንግ ላክ።

ቅንፍ ዘጊ፦

ቀኑን እኔ ልውሰደው። ጃቫስክሪፕት ላይ ወር ከ0 ይጀምራል፣ የወሩ ቀን ግን ከ1። ስለዚህ ወር 1 ማለት ፌብሩዋሪ ነው። የጃቫው አሮጌ ካሌንደርም እንደዚያው ነው፤ ከጃቫ 8 ጋር በ2014 የመጣው አዲሱ የጊዜ ፓኬጅ ከ1 ይጀምራል። የሳምንቱ ቀንማ አይነሳ፦ ጃቫስክሪፕት እሑድን 0 ይላል፣ ፓይተን ሰኞን 0 ይላል፣ አዲሱ ጃቫ ሰኞን 1 ይላል። ከአንዱ ወደ ሌላው ቁጥሩን አትላክ፣ ሙሉ ቀኑን ላክ።

በአንድ መጉደሉ ግን ምናልባት ይሄ ነው። ጃቫስክሪፕት "2024-03-05" የሚል ስትሪንግ ስትሰጠው በዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) እኩለ ሌሊት አድርጎ ነው የሚረዳው። ሰዓት ጨምረህ ዞን ሳትጽፍ "2024-03-05 10:00" ዓይነት ስትሰጠው ደግሞ በኮምፒውተሩ ሰዓት ይረዳዋል። ተጠቃሚው ከዩቲሲ ወደ ኋላ የቀረ ሰዓት ያለበት ቦታ ከሆነ የመጀመሪያው ማርች 4 ሆኖ ይታየዋል። አንተ ጋ ልክ ነው፣ እሱ ጋ ስህተት ነው፣ ትጨቃጨቃላችሁ። ልደት ዓይነት ሰዓት የማይፈልግ ነገር ከሆነ እንደ ጽሑፍ ያዘው፣ ወደ ዴት አትቀይረው።

የተፈጸመን ነገር በዩቲሲ አስቀምጥ። የወደፊት ቀጠሮ ከሆነ ግን ሰዎቹ የተነጋገሩትን ሰዓትና የሰዓት ዞኑን ስም አብረህ ያዝ። መንግሥታት የሰዓት ሕግ ይቀይራሉ፣ በዩቲሲ ብቻ ካስቀመጥከው ቀጠሮው ይንሸራተታል።

ጀማሪዋ፦

የቃል ርዝመት አልተነሳም! በአማርኛ ለምንሠራው ይሄ ቶሎ ነው የሚመጣብን። "ሰላም" ስንት ነው? ፓይተንና ጃቫስክሪፕት 3 ይላሉ። ጎ፣ ረስትና የፒኤችፒው ተራ ፈንክሽን 9 ይላሉ፣ ባይት ስለሚቆጥሩ፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ፊደልን ወደ ባይት መቀየሪያው መንገድ) የሚወስደው 3 ባይት ነው። ስለዚህ ፒኤችፒ ላይ "የመጀመሪያዎቹን 10 ቁረጥ" ስትሉት ሦስት ፊደል ይሰጥና አራተኛው ተሰብሮ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ይሆናል። ረስት ላይ ፊደሉ መሃል ከቆረጣችሁ ፕሮግራሙ ይቆማል፣ እሱ ይሻላል። ፒኤችፒ ላይ ኤምቢ በሚል የሚጀምሩትን ፈንክሽኖች ተጠቀሙ።

ማይኤስኪውኤል ላይ ደግሞ ዩቲኤፍ 8 ተብሎ ይጠራ የነበረው አሮጌው ዓይነት ለአንድ ፊደል እስከ 3 ባይት ብቻ ነው የሚይዘው። አማርኛ ልክ 3 ላይ ስለሆነ ያልፋል፣ ቴስታችሁ ሰላም ይሆናል። የመጀመሪያው ተጠቃሚ ኢሞጂ ሲልክ ነው የሚፈነዳው፣ ኢሞጂ 4 ነዋ። መጨረሻው ላይ ኤምቢ 4 ያለበትን ምረጡ። ፓይተን ላይ ፋይል ስትከፍቱም ኢንኮዲንጉን በግልጽ ጻፉ፣ ሊኑክስ ላይ የሠራው ዊንዶውስ ላይ አማርኛውን ሊያበላሸው ይችላል።

ሲ ላይ ያረጀው፦

እያንዳንዱን ወጥመድ ልታጠኑ ነው? አይቻልም ልጆቼ። መደመር ብቻውን እዩት። ሁለት ትልልቅ ኢንት ጃቫ ላይ ስትደምሩ 2147483647 ካለፈ ዝም ብሎ ኔጌቲቭ ይሆናል። ፓይተን ላይ ቁጥሩ እያደገ ይሄዳል። ረስት በዲበግ ጊዜ ያቆማችኋል፣ ለሪሊዝ ሲገነባ ግን እንደ ጃቫ ይዞራል። ሲ ላይ ደግሞ ምን እንደሚሆን ሕጉ ራሱ አይናገርም፣ ኮምፓይለሩ የፈለገውን ያደርጋል። የጃቫ ስታንዳርድ ላይብረሪ ውስጥ ያለው ባይነሪ ሰርች መሃሉን ለማግኘት ሁለቱን ጫፎች ደምሮ ለ2 ያካፍል ነበር። ያ ድምር ሊያልፍ እንደሚችል በ2006 በይፋ እስኪነገር ድረስ ባጉ 9 ዓመት ያህል እዚያው ተቀምጧል። ያውም ስንት ሺህ ሰው ያነበበው ኮድ። ልዩነቱን ለ2 አካፍሎ ታችኛው ላይ መደመር ነበር መፍትሔው።

እኔ የምለው፣ ከመገመት መሞከር። ፓይተን ኮንሶል አለው፣ ብሮውዘር ኮንሶል አለው፣ ጃቫም ከ9 ጀምሮ ጄሼል አለው። የማትተማመኑበትን መስመር እዚያ ጣሉት፦ በኔጌቲቭ፣ በባዶ፣ በነል፣ በትልቅ ቁጥር፣ በአማርኛ። አምስት ሙከራ ነው። ሲ ከሆነ የሜሞሪ ስህተት የሚይዘውን አድሬስ ሳኒታይዘር አብርታችሁ ኮምፓይል አድርጉ። ሼል ስክሪፕት ከሆነ ቫርያብሉን ሁልጊዜ በጥቅስ ውስጥ አድርጉ፣ ባዶ አለመሆኑንም እዩ፤ ጥቅስ ብቻውን አያድንም፣ ባዶ ቫርያብል ያለበት የማጥፊያ ትእዛዝ ከሩት (ከዲስኩ ሥር) ጀምሮ ሊያጠፋ ይችላል። ሼልቼክ የሚባል መሣሪያ አለ፣ እሱ ያነብላችኋል።

ዘላን ኮደር፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ከመጡ አንድ ነገር ልጠይቅ። ያ አሮጌ ጃቫ ድሮ ይሠራ የነበረ ነገር አሁን የተሳሳተ መልስ እየሰጠ ነው፣ መቼ እንደተበላሸ የሚያውቅ ሰው የለም። ኮሚቱ፣ ማለት የተመዘገበው የኮድ ለውጥ፣ አንድ ሺህ ይሆናል። ሁሉን ማንበብ አልችልም።

ሲ ላይ ያረጀው፦

ለምን ታነባለህ? የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ጊት ውስጥ ባይሴክት አለ አይደል እንዴ። አሁን ያለውን "ባድ" በለው፣ ይሠራ የነበረውን አንድ አሮጌ ኮሚት "ጉድ" በለው። መሃሉን አውጥቶ ይሰጥሃል። ትሞክራለህ፣ ጉድ ወይ ባድ ትለዋለህ፣ ደግሞ የቀረውን ግማሽ ያደርገዋል። ሺህ ኮሚት ቢሆን 10 ጊዜ ያህል ነው። ትክክለኛውን መልስ የሚያረጋግጥ ትንሽ ስክሪፕት ከጻፍክለት ደግሞ ራን በለውና ቡናህን ጠጣ፣ ራሱ ይጨርሰዋል። ስክሪፕቱ ልክ ሲሆን 0፣ ስህተት ሲሆን 1 ይመልስ።

ዘላን ኮደር፦

መሃል ላይ ጭራሽ ኮምፓይል የማያደርግ ኮሚት ቢመጣስ? እዚያ ሲስተም ውስጥ እንደዚያ ዓይነት ሞልቷል።

ሲ ላይ ያረጀው፦

ስኪፕ በለው፣ ጎረቤቱን ይሰጥሃል። በስክሪፕት ከሆነ 125 ይመልስ፣ ያው ስኪፕ ማለት ነው። ኮምፓይል ያልሆነውን ባድ እንዳትለው ብቻ፣ ወደማይሆን ቦታ ይወስድሃል። ስትጨርስ ባይሴክት ሪሴት ብለህ ውጣ፣ ያለዚያ አሮጌው ኮሚት ላይ ቆመህ መሥራት ትጀምራለህ።